የመምህርት ሄርታ የልብስ ቃላት

መርማሪ አውስትራ ግሪንቤርጋ እሁድ ረፋድ ላይ ወደ መምህርት ሄርታ ላፕሳ ቤት የተጠራችው ለአንዲት ፊርማ ነበር። ሳጅን አይኒስ ነገሩን በስልክ ጨርሶ ነው የነገራት። ሰባ አንድ ዓመት የሞላቸው ጡረተኛ የእንግሊዝኛ መምህርት ወደ ቤተ ክርስቲያን ሊሄዱ ሲወጡ የውጭው ደረጃ ላይ በረዶ አዳልጧቸው ወድቀዋል፤ የጭንቅላታቸው ጀርባ ተመትቶ ሕይወታቸው አልፏል። በመጋቢት በላትቪያዋ ትንሽ ከተማ በኩልዲጋ ይህ አዲስ ነገር አይደለም። በረዶው ቀን ይሟሟል፣ ሌሊት መልሶ ይረጋል፣ ጠዋት የከተማው ደረጃ ሁሉ መስተዋት ሆኖ ይነጋል።

አውስትራ ግን አልፈረመችም። ከአስከሬኑ አጠገብ ቁጢጥ ብላ እጆቹን ስትመለከት ቆየች። መምህርቷ ጥሩ ቡናማ የቆዳ ጓንት አጥልቀዋል። በቀኝ እጃቸው ላይ ግን የቀለበት ጣትና ትንሿ ጣት አንድ ላይ በአንዱ የጓንት ጣት ገብተው፣ የመጨረሻው የጓንት ጣት ባዶውን ተጣጥፏል።

«ሳጅን፣ ጓንት ስታጠልቅ ሁለት ጣት አንድ ቦታ ቢገባብህ ምን ታደርጋለህ?»

«አውልቄ አስተካክላለሁ።»

«እሳቸውስ ለምን አላስተካከሉም?»

አውስትራ የልብስ ሰፊ ልጅ ናት፤ አባቷ ሱሪ ሲለኩ እግራቸው ሥር ተቀምጣ ነው ያደገችው። ለሞተ ሰው ልብስ ማልበስ ምን ያህል እንደሚያስቸግርም ታውቃለች፤ አባቷ ለቀብር የሚሰፉትን ልብስ አብራቸው ታለብስ ነበር። ተነሥታ ጉልበቷን አራገፈችና ፎቅ ወጣች።

ክፍሉ በሥርዓት ተቀምጧል። ምድጃው ጥግ ላይ ነው። የምድጃው የብረት ጠርዝ ዙሪያውን አመድ ለብሶ አንደኛው ማዕዘን ብቻ ተወልውሎ ያበራል። ከሰዓት በኋላ ሐኪሙ አስከሬኑን አይቶ ቁስሉ በድንጋይ ደረጃ ሳይሆን በብረት ማዕዘን የተፈጠረ ነው ሲል፣ አውስትራ አልገረማትም። ሄርታ የሞቱት እዚሁ ክፍላቸው ውስጥ ነው። ካፖርትና ጓንት አልብሶ ደረጃው ላይ ያጋደማቸው ሌላ ሰው ነው።

ከመስኮቱ ሥር አሥራ አራት የጫማ ሳጥኖች ተደርድረዋል፤ ሁሉም በካርድ የተሞሉ ናቸው። የእነዚህን ካርዶች ታሪክ በከተማችን የማያውቅ የለም። የሄርታ ታናሽ እህት ሎኒያ በጦርነቱ ጊዜ ሸሽታ እንግሊዝ አገር ብራድፎርድ ቀረች። ድንበሩ በተዘጋበት ዘመን ሁሉ በዓመት አንዴ ሁለቴ የልብስ ጥቅል ትልክ ነበር። ደብዳቤው ስለሚከፈትና ስለሚነበብ እህትማማቾቹ የልባቸውን መጻፍ አልቻሉም፤ ስለዚህ ሎኒያ ስለ ልብሶቹ ትጽፋለች። ይህ በእንግሊዝኛ እንዲህ ይባላል፣ ይህን ወንድ ይለብሰዋል፣ ይህ ከላይ ይደረባል፣ ያ ከሥር ይለበሳል። ሄርታ እያንዳንዱን ቃል በካርድ ላይ ጽፈው፣ የላትቪያ ትርጉሙን ከጎኑ አስፍረው፣ ከልብሱ ስፌት የቆረጧትን ቁራጭ ጨርቅ በመርፌ ቁልፍ ያያይዙበታል። ሠላሳ ስምንት ዓመት እንዲህ ሠሩ። አገሩ ነጻ ወጥቶ የከተማው የስፌት ማኅበር ከእንግሊዝ ትእዛዝ መቀበል ሲጀምር፣ አርባ ሴቶች እንጀራቸውን የበሉት በእነዚያ ሳጥኖች ነው። አንድ ቀን መጽሐፍ ይሆናል ይሉ ነበር ሄርታ። ግን ቸኩለው አያውቁም።

ከማዶ ያለው ቤት የእማማ ኤሚሊያ ነው። ሰማንያ ስምንት ዓመታቸው ነው፤ ጆሯቸው ቢደክምም ዓይናቸው የጭልፊት ነው። ሳጅን አይኒስ ቃላቸውን ቀድሞ ተቀብሏል። የዋና ከተማው የሪጋ ልጅ ነው፤ ኩልዲጋ ከመጣ ገና ሁለት ዓመቱ ነው። ማስታወሻውን አነበበላት፤ አራት ሰዓት ተኩል ግድም፣ ሰው ሁሉ ቤተ ክርስቲያን ሳለ፣ ግራጫ ስቫርኪ የለበሰ ሰው ከሄርታ ቤት ወጥቶ ቶሎ ቶሎ እየተራመደ ወደ አውቶቡስ ጣቢያ ሄደ፤ ጀርባውን እንጂ ፊቱን አላዩም።

«ስቫርኪ ነው ያሉት?» አለች አውስትራ።

«አዎ። ጉርድ ቀሚስ። እንግዲህ ሴት ናት ማለት ነው።»

በላትቪያ ዛሬ ማንንም ብትጠይቅ ስቫርኪ ጉርድ ቀሚስ ነው። በማግስቱ ወሬው በከተማው ተዳረሰ፤ የመምህርቷ ገዳይ ግራጫ ጉርድ የለበሰች ሴት ናት ተባለ። ወዲያው ሁሉም ሰው ወደ ቬልታ ዞረ።

ቬልታ የስፌት ማኅበሩ ኃላፊ ናት፤ ዕድሜዋ ወደ ስድሳ ይጠጋል። ከሄርታ ጋር ሠላሳ ዓመት በጓደኝነት ኖራለች፤ በየሳምንቱ ሐሙስ አብረው እራት ይበላሉ። ግራጫ ጉርድ በየቀኑ ትለብሳለች። ደግሞም ዓርብ ዕለት እዚያው ማኅበሩ ግቢ ውስጥ ሄርታ ላይ ስትጮህባቸው አርባ ሴት ሰምቷል።

አውስትራ ስፌት ቤቱ ድረስ ሄዳ አነጋገረቻት። መኪኖቹ ቆመዋል። ሠራተኞቹ ኃላፊያቸውን ቀና ብለው አያዩም።

«ዓርብ ዕለት በምን ተጣላችሁ፣ እትዬ ቬልታ?»

«በቬስት ነው» አለች ቬልታ ድካም ባለው ድምፅ። «እንግሊዞቹ አራት መቶ ቬስት አዘዙን። ቬስት እኛ ዘንድ ቬስቴ ነው፣ ሰደርያ። ሰደርያ ሰፋን፤ ገበር ያለው፣ አምስት ቁልፍ ያለው። ለካ እነሱ የፈለጉት ካናቴራ ኖሯል።»

«ሄርታ ናቸው ሰደርያ ነው ያሉሽ?»

ቬልታ እጇ ላይ ያለውን መቀስ አስቀመጠች። «ዝርዝር ነበረን። የቃላት ዝርዝር። ሄርታ ሊያዩት ጠየቁኝ፤ አይተው ዝም አሉ። ይዘውት ሄዱ።»

«የማን ዝርዝር ነው?»

«ማን ያውቃል? ከሪጋ የመጣ ነው።»

አውስትራ ከዚያ በላይ አልገፋቻትም። ስትወጣ ግን አንዲት ሠራተኛ መኪናዋ ላይ የለጠፈችውን የዚያኑ ዝርዝር የታተመ ገጽ ዝቅ ብላ አየችና፣ በትሕትና ጠይቃ አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

ምድር ቤት የሚኖሩት የሄርታ የሟች ባል ወንድም ጉንቫልዲስ ናቸው። አናጢ ናቸው፤ ንግግር አይወዱም። በቤቱ ድርሻ ከሄርታ ጋር ዓመታት ተካስሰዋል፤ እሁድ ዕለት ደግሞ ቤት ነበሩ። መጋዝ ስጠቀም ምንም አልሰማሁም ብለዋል። አውስትራ ጓንቱን አውጥታ ጠረጴዛ ላይ ስታስቀምጥላቸው አዛውንቱ ግራ ገባቸው።

«ይሄ የእሷ አይደለም።»

«ከቁም ሣጥናቸው የወጣ ነው፤ እህታቸው የላከችው።»

«ሊሆን ይችላል። ግን አታደርገውም። ጣቶቿ በቁርጥማት አብጠዋል፤ ሁለት ክረምት ሆነ። ባለ ጣት ጓንት አይገባላትም። የሱፉን ነው የምታደርገው፣ አውራ ጣት ብቻ ለየት ያለበትን። እሱንም ጠዋት ጠዋት የማጠልቅላት እኔ ነኝ።» ከዚያ እንዳፈረ ሰው አቀረቀሩ። «ቤቱ ሌላ፣ እጅ ሌላ።»

የሱፉ ጓንት ከምድጃው ጀርባ ገመድ ላይ ለመድረቅ ተሰቅሎ ተገኘ።

ሰኞ ማታ ሞድሪስ ቪቶልስ ከሪጋ መጣ። ዕድሜው ሠላሳ ስድስት፣ የቋንቋ መምህር፣ መነጽር ያደረገ፣ ቀጠን ያለ ሰው ነው። እናቱ ስትሞትበት ሄርታ በዘጠኝ ዓመቱ ወስደው አሳደጉት፣ አስተማሩት፣ ዩኒቨርሲቲ አስገቡት። ከተማው የሄርታ ልጅ ይለዋል። ሬሳው ላይ ወድቆ «መምህሬ» እያለ ሲያለቅስ ያየ ሁሉ አብሮት አለቀሰ። ለአውስትራ የነገራት ሁሉ አጭር ነው፤ ሥራ በዝቶበት ሁለት ክረምት ሙሉ አልመጣም፣ እርሳቸውንም በዚህ ወር በስልክ አላነጋገራቸውም፣ ይህም ዕድሜ ልኩን ይቆጨዋል።

በማግስቱ አውስትራ ሁለት ነገር አደረገች። መጀመሪያ እማማ ኤሚሊያ ዘንድ ሄዳ ገብስ ቡናቸውን እየጠጣች ስለ ልጅነታቸው ስታጫውታቸው ዋለች። አሮጊቷ ልብሳቸው ላይ የወደቀ ፍርፋሪ ሊያራግፉ የለበሱትን ጉርድ ቀሚስ ያዝ አድርገው «ብሩንቺዬን አቆሸሽኩት» አሉ። አውስትራ ሲኒዋን አስቀምጣ ሣቀች፤ ለምን እንደሣቀች ግን አልነገረቻቸውም። ከዚያ ወደ ፖስታ ቤት ሄደች፤ ከፖስታ ቤቱ ደግሞ ወደ ሪጋ ስልክ ደወለች።

ቀብሩ ሐሙስ ነበር። ከመቃብር ሲመለሱ በሄርታ ክፍል ውስጥ ግራጫ አተር በጮማ ቀረበ፤ ጥቁር ዳቦ ተቆረሰ። ሐዘንተኛው ሁሉ ሲበተን አውስትራ አምስት ሰው አስቀረች፤ ቬልታን፣ ጉንቫልዲስን፣ ሞድሪስን፣ እማማ ኤሚሊያንና ሳጅን አይኒስን። ቬልታ ከበሩ አጠገብ ለብቻዋ ተቀምጣለች። ቀኑን ሙሉ ያነጋገራት አልነበረም።

አውስትራ ሳትቸኩል ጀመረች። ሄርታ እዚህ ክፍል ውስጥ እንደሞቱ፣ ጭንቅላታቸው ምድጃው ላይ እንዳረፈ፣ ከዚያ ሌላ ሰው ካፖርትና ጓንት አልብሶ እንዳወጣቸው ነገረቻቸው። ስለ ሁለቱ ጣቶችም ነገረቻቸው።

«ያለበሳቸው ሰው ባለ ጣቱን ጓንት ነው ከቁም ሣጥን ያወጣው። የሱፉ እዚህ ገመድ ላይ፣ ከዓይኑ ፊት ተሰቅሏል። ሄርታ የትኛውን እንደሚያደርጉ የሚያውቅ ሰው ያን ስሕተት አይሠራም። ጋሼ ጉንቫልዲስ በየጠዋቱ ያጠልቁላቸዋል። እትዬ ቬልታ በየሐሙሱ ታያቸዋለች። ገዳዩ የሄርታ እጅ ሳያብጥ ያውቃቸው የነበረ፣ ካበጠ ወዲህ ግን ያላያቸው ሰው ነው።»

ሳጅን አይኒስ ጉሮሮውን ጠረገ። «ግራጫ ጉርድ የለበሰችዋስ?»

«እማማ ኤሚሊያ» አለች አውስትራ ወደ አሮጊቷ ጆሮ ጠጋ ብላ፣ «እኔ የለበስኩት ምንድን ነው?»

አሮጊቷ ጉርዷን አዩ። «ብሩንቺ ነዋ።»

«ስቫርኪስ? እዚህ ክፍል ውስጥ ስቫርኪ የለበሰ አለ?»

እማማ ኤሚሊያ ጥያቄው የሞኝ ሆኖባቸው ዙሪያቸውን ቃኙ። ከዚያ በቀጭን ጣታቸው ወደ ሞድሪስ አመለከቱ። ሞድሪስ ግራጫ፣ ወፍራም የሱፍ ኮት ለብሷል።

«ያው እሱ ነዋ። ምን ጥያቄ ነው? እሁድ ያየሁትም እንዲያ ያለ ነው፤ ጀርባው ላይ ቀበቶ ያለው።»

አውስትራ ለሳጅኑ ቀስ ብላ አስረዳችው። በአሮጌዎቹ አፍ ስቫርኪ የወንድ ኮት ነው፤ አባቷም እስኪሞቱ እንዲያ ነበር የሚሉት። ጉርድ ቀሚስ በእማማ ኤሚሊያ ዘመን ብሩንቺ ነው። ቃሉ ከወንድ ትከሻ ወርዶ ሴት ወገብ ላይ የታሰረው እሳቸው ካረጁ በኋላ ነው። «እሳቸው የተናገሩት ትክክል ነው፤ የጻፍከውም ትክክል ነው። በመካከሉ ግን ስድሳ ዓመት አለ። ሞድሪስ ፖሊስ ሴት እየፈለገ እንደሆነ ሲሰማ ተዝናንቶ ያንኑ ኮት ለብሶ ቀብር መጣ።»

ሞድሪስ መነጽሩን አውልቆ ጠረገ። «ግራጫ ኮት በዚህ አገር ስንት ሰው አለው? መምህሬን እኔ ለምን እገድላለሁ? እናቴ ነበሩ።»

አውስትራ ከቦርሳዋ የታጠፈውን የታተመ ገጽ፣ ከሳጥኑ ደግሞ አንዲት ካርድ አወጣች። ካርዷ ላይ «ቬስት» ተጽፎ ከጎኑ በሰማያዊ ቀለም «ሰደርያ» የሚለው ትርጉም ሰፍሯል። እሱ ላይ የስረዛ መስመር ተሰምሮበት በቀይ ቀለም «ስሕተት ነው፤ ካናቴራ፣ ከሥር የሚለበስ፤ ሎኒያ ሣቀችብኝ» ይላል። ከሥሩ ቀን አለ፤ የተሰረዘው የዛሬ አራት ዓመት ነው።

«የታተመው ገጽ ሰደርያ ነው የሚለው። የሄርታ ስሕተት ነው፤ ግን ከአራት ዓመት በፊት ያረሙት ስሕተት። ይህን የጻፈ ሰው ካርዶቹን ከእርማቱ በፊት ገልብጧል። የዛሬ አምስት ዓመት ለጥናቴ ብሎ አሥራ አራቱንም ሳጥን ሪጋ ወስዶ ክረምቱን ሙሉ ያቆየው አንተ ነህ። ገጹ ግርጌ ላይ አድራሻው ያለው አሳታሚ ስምህን በስልክ ነግሮኛል። ረቂቁ ለሙከራ ተባዝቷል፤ መጽሐፉ በግንቦት ይወጣል፤ ሽፋኑ ላይ ያለው አንድ ስም ነው። ሄርታ ዓርብ ዕለት ያን ዝርዝር ሲያዩ የገዛ አሮጌ ስሕተታቸውን አወቁት። ቅዳሜ ከፖስታ ቤት ወደ ሪጋ ደወሉልህ፤ ስድስት ደቂቃ አነጋገርካቸው። ለእኔ ግን በዚህ ወር አላነጋገርኳቸውም አልከኝ።»

ከዚያ ወደ በሩ ዞረች። «እትዬ ቬልታ፣ ዝርዝሩን ማን ሰጠሽ?»



«ሞድሪስ ነው የሰጠኝ» አለች ቬልታ። «በጥር፣ ሪጋ ሄጄ። ለመምህሬ አታሳዪያቸው፣ ድንገት ላስደስታቸው ነው አለኝ።»

«አመንሽው?»

«አላመንኩትም።» እጆቿን አገላብጣ አየቻቸው። «ካርዶቹ እንደሆኑ ገና ስከፍተው አውቄያለሁ። ሠላሳ ዓመት ያየኋቸው ናቸው። ግን ትእዛዝ ይጠብቀን ነበር፤ ሄርታ ደግሞ አንዷን ቃል ሳምንት ይይዟታል። ዝርዝሩ ፈጣን ነበር። በየሐሙሱ አብሬያቸው እየበላሁ ዝም አልኩ። ዓርብም የጮህኩት ስላፈርኩ ነው።»

ጉንቫልዲስ ከመቀመጫቸው ተነሥተው ወደ መስኮቱ ሄዱና ጀርባቸውን ሰጥተው ቆሙ።

ሞድሪስ አሁን ወደ ቬልታ እያየ ነበር፤ እሷ ናት የከዳችኝ የሚል ይመስላል። ከዚያ ለማንም ሳይሆን ጠረጴዛውን እያየ መናገር ጀመረ። እሁድ በጠዋቱ አውቶቡስ መጣ። ሄርታ አላቀፉትም። ቁጭ በል እንኳ ሳይሉት ስለ ልጅነቱ አንሥተው ወቀሱት፤ ለምን ሰረቅከኝ፣ ብትጠይቀኝ ምን ነበር አሉት። እሱም መለሰላቸው፤ እርስዎ መቼም አይጨርሱትም፣ ሳጥን ውስጥ ሊቀብሩት ነው፣ ስሜ የሚጠራበት ሌላ ምንም የለኝም አላቸው።

«ከዚያ ‹መጽሐፉ እንዲህ ሆኖ አይታተምም› አሉኝ። ስልኩንም እንዲያ ብለው ነው የዘጉት። ወደ አሳታሚው ሊጽፉ መሰለኝ። እስክሪብቶ ሊያነሡ ዞሩ። ገፋኋቸው። አንዴ ነው የገፋኋቸው።»

አውስትራ የመጨረሻውን የጫማ ሣጥን ከፍታ ከካርዶቹ ጀርባ አንድ ያልተላከ ደብዳቤ አወጣች። ያገኘችው ረቡዕ ዕለት ነው፤ ለማንም አላሳየችም። ቀኑ ቅዳሜ ይላል፤ የተጻፈው ለሎኒያ ነው። ሞድሪስ ፊት አስቀመጠችለት። እሱ እጁን ወደ ወረቀቱ ሳይሰድ ሲቀር ራሷ አነበበችው።

«‹ሎኒዬ፣ ልጃችን ሰረቀኝ። ትናንት ነው ያወቅኩት፤ ሌሊቱን አልተኛሁም። ቬልታም ታውቅ ኖሯል፤ እሷንስ እንዴት ብዬ እንደማያት አላውቅም። ሞድሪስን ነገ ጠርቼዋለሁ። መጀመሪያ አኮርፈዋለሁ፤ ማኩረፍ መብቴ ነው። ከዚያ የታረሙትን ካርዶች ሁሉ አስረክበዋለሁ። መቶ አሥራ ሁለት ስሕተት ቆጥሬበታለሁ፤ እንደዚያ ሆኖ ከታተመ ሰው ይሥቅበታል፤ የሚሣቀው በእኔ ሳይሆን በእሱ ነው። ስሙ ይሁንለት። እኔ ጣቶቼ እንኳ አይታጠፉም፤ ስም ምን ያደርግልኛል? ልብሶቹን አንቺ እንደላክሽ አንዲት መስመር እንዲጽፍልኝ ብቻ እለምነዋለሁ።›»

አውስትራ ደብዳቤውን አጠፈችው። «የዞሩት ካርዶቹን ሊያነሡ ነው» አለ ሞድሪስ በቀሰስታ፤ ከዚያ ደግሞ ደገመው። ሳጅን አይኒስ ክንዱን ይዞ ሲያስነሣው እንደ ሕፃን ተነሣ። እማማ ኤሚሊያ የተባለውን ግማሹን አልሰሙም፤ ልጁ ዳቦውን ሳይበላ ለምን ይሄዳል ብለው ጉንቫልዲስን ጠየቁ።

ሁሉም ሲወጣ ቬልታ ከበሩ አጠገብ እንደተቀመጠች ቀረች። አሁን የሚጠረጥራት ሰው የለም፤ ነገ ስፌት ቤት ስትገባ ሴቶቹ ተነሥተው ይቅርታ እንደሚጠይቋት ታውቃለች። ይህንንም አውስትራ ነገረቻት። ቬልታ ግን ሌላ ነገር ነው የጠየቀችው፤ ለሎኒያ ማን ይጽፍላታል አለች።

«አንቺ ነሻ» አለች አውስትራ ካፖርቷን እየደረበች። «የሆነውን ሁሉ ጻፊላት። በጥር ዝርዝሩን ተቀብለሽ ዝም ያልሽውንም ጨምሪ።»

ቬልታ የሄርታን ወረቀትና እስክሪብቶ ወስዳ ጠረጴዛው ጋ ተቀመጠች። አውስትራ በሩን ከመዝጋቷ በፊት ዞር ብላ አየቻት። ሰላምታውን ጽፋለች። ከዚያ በታች ያለውን ባዶ ወረቀት እያየች ነበር።